ስልክ በአንድ ቁፋሮ እንዳይዘጋ፦ ከጅማ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለብዙ ዓመታት የትራንስሚሽን ቴክኒሻን ሆኜ ሠርቻለሁ፤ አሁን ጅማ ውስጥ ይህንኑ ሙያ ለወጣቶች አስተምራለሁ። ኔትወርክ በጠፋ ማግስት መርካቶ ሱቅ በረንዳ ላይም፣ ለቅሶ ቤትም፣ ክፍል ውስጥም የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። እዚህ የሰበሰብኳቸው እነሱን ነው። በከተማና በመንገድ ስም የምሰጣቸው ምሳሌዎች ከመኪና መንገድ ካርታ የተወሰዱ ናቸው፤ የማንንም ድርጅት የገመድ ካርታ አይገልጹም።

ታወሩ ቆሟል፣ ሲግናሉም ሙሉ ነው። ታዲያ ስልኩ ለምን አይሠራም?

ስልክዎ ላይ የሚታዩት ዘንጎች የሚናገሩት በእጅዎ ባለው ስልክና በቅርቡ ባለው ታወር መካከል ስላለው የሬዲዮ ጥንካሬ ብቻ ነው። ከታወሩ ወዲያ ስላለው መንገድ ምንም አይሉም። ድምፅዎ ከስልክዎ እስከ ታወሩ በአየር ይጓዛል፤ ከዚያ በኋላ ከታወር ወደ ታወር በሚተላለፍ ሬዲዮ (ማይክሮዌቭ) ወይም መሬት ውስጥ በተቀበረ፣ ብርሃን በሚያሳልፍ የመስታወት ገመድ (ፋይበር) ይሄዳል። ይህን ረጅሙን ክፍል ነው የሙያው ሰዎች ትራንስሚሽን የሚሉት። ከጅማ እስከ አዲስ አበባ በመኪና መንገድ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚህ ሁሉ መንገድ አንድ ክንድ የምታህል ቦታ ብትቆረጥ ታወሩ እንደቆመ ዲዳ ይሆናል።

ቢያንስ እዚሁ ከተማ ላለ ሰው መደወል ለምን ያቅተኛል?

በጣም የምወደው ጥያቄ ይህ ነው፤ ጠያቂው ሳያውቀው የንድፉን እምብርት ነክቷልና። የሞባይል ጥሪ እዚሁ ጅማ ውስጥ ከሒርማታ ወደ ጅሬን እንኳ ቢሆን ማዕከሉን ሳያማክር አይገናኝም። የሚደወልለት ሰው የት እንዳለ፣ ደዋዩ ሒሳብ እንዳለው የሚያውቁት ማሽኖች የሚቀመጡት አገሪቱ ውስጥ ባሉ ጥቂት ማዕከሎች ነው። ማዕከሉ ያለው ሌላ ከተማ ከሆነና መስመሩ ከተቆረጠ፣ ሁለት ጎረቤታሞች በአጥር እየተያዩ መደዋወል አይችሉም።

ማዞሪያው፣ ማለትም ጥሪዎችን የሚያገናኘው ማሽን፣ ከተማው ውስጥ ባለበት የቤት ስልክ ግን እንዲህ አይደለም። የውጭው መስመር ቢበጠስም የከተማው ሰው እርስ በርሱ ይደዋወላል። ስለዚህ መስመር መጨመር ብቻ ሳይሆን ማዞሪያውን ወደ ሕዝቡ ማቅረብም መቆረጥን መቋቋሚያ ነው። ወጪ አለው፤ ሆስፒታልና ዩኒቨርሲቲ ላለበት ከተማ ግን የሚያስቆጭ ወጪ ነው ብዬ አላምንም።

መስመሩን የሚቆርጠው ምንድን ነው?

አብዛኛውን ጊዜ ስካቫተር ነው። መንገድ ሲሰፋ፣ የውሃ ቱቦ ሲቀበር፣ የጎርፍ መውረጃ ሲቆፈር ገመዱ አብሮ ይወጣል። ክረምት ላይ ገደል ይንሸራተታል፣ ድልድይ ይናዳል። አይጥ የገመዱን ሽፋን ይበላል። መዳብ መስሎት ቆርጦ፣ ውስጡ መስታወት ሆኖ ሲያገኘው ጥሎት የሚሄድ ሌባም አለ።

የተቆረጠበትን ቦታ በ350 ኪሎ ሜትር ውስጥ እንዴት ያገኙታል?

ኦቲዲአር የሚባል መሣሪያ አለ። ከአንዱ ጫፍ የብርሃን ምት ወደ ፋይበሩ ይልካል፤ ብርሃኑ ከተሰበረው ቦታ ነጥሮ ይመለሳል። በፋይበር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ምቱ ሄዶ ለመመለስ የፈጀበት ጊዜ ርቀቱን ይነግረናል። 1 ሚሊ ሰከንድ ከፈጀ ስብራቱ ያለው 100 ኪሎ ሜትር ላይ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መሣሪያው የሚለካው የገመዱን ርዝመት እንጂ የመንገዱን አይደለም። ገመዱ በየማንሆሉ ተጠቅልሎ የተተወ ትርፍ አለው፤ ስለዚህ መኪናው የቆመበትና ስብራቱ ያለበት ብዙ መቶ ሜትር ሊለያዩ ይችላሉ። አንድ ሌሊት ቁልቁለት ላይ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ላስቲክ ወጥረን ስንሠራ ትዝ ይለኛል። አንዱ ባትሪ ይይዛል፣ አንዱ የላስቲኩን ጥግ ይረግጣል፣ እኔ ክሩን በአልኮል አጸዳለሁ። አንዷ የመስታወት ክር ከነልባሷ 125 ማይክሮን ናት፤ የሚሊ ሜትር አንድ ስምንተኛ ማለት ነው። ጭቃ የነካት እንደሆነ መቁረጥና እንደገና መጀመር ነው። ማሽኑ ሁለቱን ጫፎች ፊት ለፊት አስተካክሎ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ያቀልጣቸዋል፤ ከዚያ መጋጠሚያው ያባከነውን ብርሃን በዴሲቤል ያሳያል። ከ0.1 በታች ሲሆን «እሺ፣ ቀጣዩ» ይባላል። 24 ክር ያለው ገመድ 24 ጊዜ እንዲህ ይሠራል።

ይህን የማነሣው የጥገና ሰዓት የንድፉ አካል ስለሆነ ነው። ጥገናው 8 ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ፣ በእነዚያ 8 ሰዓታት ውስጥ ከተማው በምን እንደሚነጋገር አስቀድሞ መታሰብ አለበት።

ሁለተኛ ገመድ ቢዘረጋ አይበቃም?

ሁለተኛ ገመድና ሁለተኛ መንገድ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ተማሪዎቼ ከእኔ አንድ ነገር ብቻ ይዘው ቢወጡ ይህን ልዩነት ይዘው እንዲወጡ ነው የምፈልገው።

በመጀመሪያ ሒሳቡን እንየው። አንድ መስመር ከዓመቱ 99 በመቶውን ይሠራል እንበል። ጥሩ ይመስላል፤ የቀረችው 1 በመቶ ግን በዓመት ከ87 ሰዓት በላይ፣ ማለትም ሦስት ቀን ተኩል አልፎ መዘጋት ናት። አሁን እንደሱ ያለ ሌላ መስመር እንጨምር። ሁለቱን የሚያገናኛቸው አንድም ነገር ከሌለ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ የሚጠፉት ከ10,000 ሰዓት በ1 ሰዓት ብቻ ነው፤ በዓመት 53 ደቂቃ ያህል ይሆናል። ከሦስት ቀን ተኩል ወደ 53 ደቂቃ መውረድ ትልቅ ነገር ነው። ግን ሒሳቡ በሙሉ የተንጠለጠለው «የሚያገናኛቸው ነገር ከሌለ» በምትለው ቃል ላይ ነው። ሁለቱ ገመዶች አንድ ቦይ ውስጥ ከተኙ፣ ስካቫተሩ የሚያውቀው አንድ ቦይ ስለሆነ ተመልሰን 87 ሰዓት ላይ ነን።

ይህ በእኔ ላይ ደርሷል። እሠራበት በነበረ አንድ ቦታ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ካርታ ሁለት መስመር ያሳይ ነበር፤ አንዱ በቀይ፣ አንዱ በሰማያዊ፣ በየፊናቸው ተሥለው። አንድ ቀን ጠዋት ሁለቱም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጠፉ። ሄደን ስናይ ከከተማው መውጫ ላይ የጎርፍ መውረጃ ይቆፈራል፤ በስካቫተሩ ጥርስ ላይ ሁለት ጥቁር ገመዶች እንደ ሐረግ ተጠምጥመው ተንጠልጥለዋል። ከድልድዩ ወዲህ ያሉትን 2 ኪሎ ሜትር ሁለቱም በአንድ ቱቦ ነበር የሚወጡት። ለቱቦው ሁለተኛ ቁፋሮ እንዳይከፈል ተብሎ የተደረገ ነው። ካርታውን የሣለው ሰው አልዋሸም፤ ገመዶቹ ሁለት ነበሩ። መንገዱ ግን አንድ ነበር። ያን ቀን ስልክ ፍለጋ ወደ ቢሯችን የመጣች አንዲት እናት ልጇ ሆስፒታል እንደተኛባት ነገረችን፤ የምንሰጣት መልስ አልነበረንም። ከዚያ ወዲህ ካርታ ላይ ያለ ቀለም አላምንም።

ነገሩ በትልቁም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ከአይቮሪ ኮስት ጠረፍ ፊት ለፊት አራት የባሕር ኬብሎች በአንድ ቀን ተቆርጠው ብዙ የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ኢንተርኔት ተዳከመባቸው፤ ምክንያቱ የባሕር ወለል መንሸራተት እንደሆነ ተገምቷል። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የምሥራቅ አፍሪካን ጠረፍ ተከትለው የሚሄዱ ሁለት ኬብሎች በአንድ ቀን ተቆረጡ። የኬብሎቹ ባለቤቶች ይለያያሉ፣ ስማቸውም ይለያያል፤ የተኙበት ወለል ግን አንድ ነው።

ወደ ጅማ ስንመለስ፣ በወልቂጤና በግቤ ሸለቆ በኩል የሚመጣ መስመር አንድ መንገድ ነው። በአጋሮ፣ በበደሌ፣ በነቀምቴና በአምቦ ዞሮ አዲስ አበባ የሚገባው በእውነት ሌላ ነው። በጭዳና በዳውሮ በኩል ወላይታ ሶዶ የሚወጣው ደግሞ ሦስተኛ ነው። የግቤ ቁልቁለት ቢንሸራተት የበደሌው መንገድ አያውቀውም። ሦስቱም ግን ጅማ ሲገቡ አዌቱ ወንዝ ላይ ባለ አንድ ድልድይ የሚያልፉ ከሆነ፣ ያ ሁሉ ኪሎ ሜትር ለከንቱ ነው። ለዚህ ነው ንድፍ ስመለከት መጀመሪያ ከተማ መግቢያውንና የሕንፃውን በር የማየው።

ረጅሙ መንገድ ድምፁን አያዘገየውም?

የሚሰማ አይደለም። በነቀምቴ ዞሮ መንገዱ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ቢጠጋ እንኳ ብርሃኑ የሚፈጅበት 3 ሚሊ ሰከንድ ነው።

ሪንግ የሚባለው ምንድን ነው?

ከተሞችን እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ካገናኘን፣ ለ6 ከተማ 5 መስመር ይበቃል። ርካሹ አሠራር ይህ ነው፤ ግን የትኛውም መስመር ሲበጠስ ከስብራቱ ወዲያ ያለው ሁሉ ይጠፋል። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከሐረር አዲስ አበባ የተዘረጋው 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር እንዲህ ያለ ነበር፤ መሐል ላይ አንድ ቦታ ከተበጠሰ ነገሩ አበቃ።

አሁን የመጨረሻውን ከተማ ከመጀመሪያው ጋር የሚያገናኝ አንድ መስመር ጨምረን ቀለበቱን እንዝጋው። ሪንግ የሚባለው ይህ ቀለበት ነው። 5 የነበረው 6 ሆነ። በዚህች በአንዷ ብቻ እያንዳንዱ ከተማ ሁለት መንገድ አገኘ። አንዱ ጎን ሲቆረጥ መሣሪያዎቹ ትራፊኩን በራሳቸው ወደ ሌላው ጎን ያዞሩታል፤ ለዚህ የተለመደው መመዘኛ 50 ሚሊ ሰከንድ ነው፣ ከዓይን ጥቅሻ ያነሰ። የሚነጋገሩት ሰዎች አይሰሙትም፣ ጥሪውም አይቋረጥም። ስለዚህ ገንዘብ ባነሰበት አገር የመጀመሪያው ብር መዋል ያለበት ያሉትን መስመሮች በማወፈር ሳይሆን የተከፈተውን ቀለበት በመዝጋት ነው ብዬ እከራከራለሁ።

ሪንግ ካለ ታዲያ ለምን አሁንም ይቋረጣል?

በጣም የሚያሳዝነው ምክንያት የመጀመሪያው ስብራት ሳይጠገን መቆየቱ ነው። ሪንጉ ሥራውን በደንብ ስለሠራ ማንም አልጮኸም፤ ደንበኛ አላማረረም፣ አለቃ አልደወለም። ቀይ መብራት ስክሪን ላይ ብቻ በርቷል። ሳምንት ያልፋል። ከዚያ ሁለተኛው ጎን ይቆረጣልና ከተማው ይዘጋል፤ ሁሉም ሰው ስለ ሁለተኛው ቁፋሮ ያወራል። ጥፋቱ ግን ሳምንቱን ሙሉ ያለ መጠባበቂያ የተኬደው ላይ ነው። ደንበኛ ያልተሰማው ስብራት ደንበኛ እንደተሰማው ተቆጥሮ፣ በዚያው ሌሊት ሰው መላክ አለበት።

ሌላው ምክንያት መስመሩ ሳይሆን ቤቱ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1988 በአሜሪካ ኢሊኖይ፣ ሂንስዴል በምትባል ከተማ አንድ የስልክ ጣቢያ ተቃጠለ። 35,000 የሚሆኑ የአካባቢው ደንበኞች ስልካቸው ተዘጋ፤ በዚያ ጣቢያ በኩል ያልፉ የነበሩ የሌሎች ከተሞች መስመሮችም አብረው ጠፉ። ቀለበቱ ሁለት ጊዜ የሚያልፍበት አንድ ክፍል ካለ፣ ያ ክፍል ራሱ እንደ አንድ ገመድ ነው።

መጠባበቂያው ምን ያህል ሰፊ መሆን አለበት?

ግማሽ መስመር ቢቀር ግማሽ አገልግሎት ይቀራል ብሎ ማሰብ የተለመደ ስሕተት ነው። የስልክ ትራፊክ በኤርላንግ ይለካል፤ አንድ መስመር ሰዓቱን ሙሉ ተይዞ ከዋለ 1 ኤርላንግ ነው። ስሙ የዴንማርኩ የሒሳብ ሰው የአግነር ኤርላንግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1917 ያወጣው ቀመር ዛሬም ይሠራል። በእሱ ቀመር 60 የጥሪ መስመር ያለው መንገድ፣ ከ100 ጥሪ 1 ብቻ መስመር አጥቶ እየቀረ፣ 47 ኤርላንግ ያህል ይሸከማል። 30 መስመር ግን በዚያው ጥራት የሚሸከመው 20 ያህል ብቻ ነው።

እንግዲህ 60ዎቹ በሁለት መንገድ፣ ሠላሳ ሠላሳ ሆነው ተከፍለዋል እንበል። አንዱ ሲቆረጥ 47ቱ ኤርላንግ በ30 መስመር ላይ ይወድቃል፤ ከ10 ጥሪ 4 ያህሉ «መስመሩ ተይዟል» ይባላሉ። ይህም ሰዎች ደግመው ካልደወሉ ነው። ሰው ግን ሲያቅተው ደጋግሞ ይደውላል፣ ጭነቱም ይብሳል። የቡና ዋጋ የሚጠይቀው ነጋዴም፣ አምቡላንስ የሚፈልገው ሰውም እኩል ይጋፋሉ። ለዚህ ነው የአደጋ ጥሪዎች ቅድሚያ እንዲያገኙ አስቀድሞ መደረግ ያለበት።

ሦስተኛ መንገድ የሚጠቅመውም እዚህ ነው። ሁለት እኩል መንገዶች ብቻ ካሉ እያንዳንዱ የራሱን ያህል፣ 100 በመቶ ትርፍ መያዝ አለበት፤ የሌላውን ሙሉ ጭነት ይቀበላልና። ሦስት ከሆኑ የአንዱን ጭነት ሁለቱ ስለሚካፈሉት 50 በመቶ ይበቃል። አራት ከሆኑ 33 በመቶ። መንገድ በበዛ ቁጥር ባዶ የምናስቀምጠው ያንሳል። ፈተናው ይህን ባዶ ቦታ ባዶ አድርጎ ማቆየት ነው፤ ደንበኛ ሲበዛ መጠባበቂያውን መሸጥ የሚያጓጓ ነገር ነው፣ እስኪቆረጥም ድረስ ማንም አያውቀውም።

ማይክሮዌቭና ሳተላይትስ?

ማይክሮዌቭ ቁፋሮ አይነካውም፣ ሸለቆንም በአንድ ዝላይ ይሻገራል፤ ለፋይበር እውነተኛ አጋር የሚያደርገው ይህ ነው፤ የሚጎዱት ነገሮች ይለያያሉ። ከ10 ጊጋኸርትዝ በላይ ያሉት ግን ኃይለኛ ዝናብ ያዳክማቸዋል፤ የጅማን ክረምት ለሚያውቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ስለዚህ ለረጅም ርቀት ዝቅ ያለ ፍሪኩዌንሲ ይመረጣል። አቅሙ ከፋይበር በብዙ ያንሳል። 36,000 ኪሎ ሜትር ላይ የሚቆመው ሳተላይት ደግሞ ድምፅን በአንድ ጉዞ ሩብ ሰከንድ ያዘገያል፤ ለአደጋ ጊዜ ግን ይበቃል።

መብራት ሲጠፋስ?

የስልክ መሣሪያዎች በ48 ቮልት ባትሪ ይቆያሉ፣ ቀጥሎ ጄኔሬተር ይነሣል። የሚረሳው ነገር መሐል መንገድ ያሉት የማጉያ ጣቢያዎች ናቸው፤ ብርሃኑ ስለሚደክም በየ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትሩ መጠናከር አለበት። አንዱ ጣቢያ ነዳጅ ካለቀበት ገመዱ ሳይነካ መስመሩ ተቆረጠ ማለት ነው።

ንድፉን ወረቀት ላይ እንዴት ልፈትሸው?

ከተሞቹን በነጥብ፣ መስመሮቹን በጭረት ሣልና አንዱን ጭረት በላጲስ አጥፋ። አሁንም ከየትኛውም ነጥብ ወደ ሌላው መድረስ ይቻላል? መልሰህ ሥለውና ቀጣዩን አጥፋ። ከዚያ ነጥቦቹን አንድ በአንድ አጥፋ። ተማሪዎቼ እዚህ ላይ ጨረስን ይላሉ፤ ሦስተኛው ዙር ግን ገና ነው፦ አንድ ድልድይ፣ አንድ ቱቦ፣ አንድ ምሰሶ የሚጋሩትን ጭረቶች በሙሉ በአንድ ጊዜ ማጥፋት። ብዙ ንድፍ የሚወድቀው በዚህኛው ነው።

አንድ ወጥመድም አለ። ብዙ ሰው መጀመሪያ አጭሩን መንገድ ይይዝና ከተረፈው ሁለተኛ ይፈልጋል። አጭሩ መንገድ ግን ሁለት ረጃጅም መንገዶችን አቋርጦ የሚያልፍ ከሆነ ሁለቱንም ያበላሻቸዋል፤ «ሁለተኛ መንገድ የለም» የሚል የሐሰት መልስ ይሰጥሃል። ጥንዱ አንድ ላይ ነው መፈለግ ያለበት፤ ለዚህ የሚሆን ስሌት እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ አለ።

ወረቀቱ ካለፈ በኋላ፣ ጥሪ በሚቀልበት ሌሊት፣ ለደንበኛ አስቀድሞ አስታውቆ፣ መስመሩን በእጅ ማጥፋት ነው። ተሞክሮ የማያውቅ መጠባበቂያ መኖሩ አይታወቅም።

ክሊኒክ አለኝ። ለራሴ ምን ላድርግ?

አገራችን ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በብዙ ከተሞቿ ቀስ በቀስ ሁለት የሞባይል ድርጅት ስላላት የሁለቱንም ሲም መያዝ ይጠቅማል፤ ግን ሁለቱም አንድ ታወር ወይም አንድ ገመድ ሊከራዩ ስለሚችሉ «መስመራችሁ ከከተማ የሚወጣው በየት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ከግቢዎ የሚወጡት ገመዶችም በአንድ በር፣ በአንድ ምሰሶ እንዳይሆኑ ያስደርጉ። ዋና ዋና ቁጥሮችን ወረቀት ላይ ይጻፉ።

ቤት ላሠራ ስቆፍር ገመድ ባገኝስ?

ብዙ ጊዜ ከገመዱ በላይ ደማቅ ቀለም ያለው የማስጠንቀቂያ ላስቲክ ይቀበራል። ላስቲኩን ካዩ ማሽኑን ያስቁሙ፤ ገመዱ ከሥሩ ነው። ከተቆረጠ ደግሞ ጫፎቹን አይጎትቱ፤ ሲጎተት ከሩቅ ማንሆል ድረስ ክሮቹ ይሰበራሉ፣ የ4 ሰዓት ጥገና የ2 ቀን ይሆናል። አፈር መልሰው አይሸፍኑት፤ በላስቲክ ከዝናብ ከልለው፣ ቦታውን ምልክት አድርገው ያሳውቁ። የተሰበረውን ጫፍ ወደ ዓይንዎ አስጠግተው አይመልከቱ፤ በውስጡ የሚያልፈው ብርሃን አይታይም፣ ግን ዓይን ይጎዳል። ልጆችም እንዳይነኩት አንድ ሰው አጠገቡ ይቁም።